የፈርጅ መልክ፦ ለአንድ የሥዕል ዓይነት ስም ፍለጋ

ጥር 23 እንጅባራ የዋለ ሰው ዓይኑ ቀለም ጠግቦ ይመለሳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በሚያከብርበት በዚያ ቀን ፈረሱ ከጋላቢው ይበልጥ ያጌጣል፤ ልጓሙ፣ ኮርቻው፣ ግላሱ ቀይ በቢጫ፣ አረንጓዴ በሰማያዊ ሆኖ በሜዳው ላይ ያልፋል። እነዚያ ቀለሞች አንዱ ወደ ሌላው አይሟሙም። ቀዩ ባለቀበት ቢጫው ይጀምራል፤ መካከለኛ የለም።

ከዚያ ሜዳ የተነሣ የአንድ ፈረሰኛ ፎቶ ወስደን ፊቱን ልክ እንደ ፈረሱ ጌጥ ብንሠራውስ? ግንባሩ ቢጫ፣ የጉንጩ አጥንት ብርቱካናማ፣ ከአፍንጫው ጎን ያለው ጥላ ሐምራዊ፣ አገጩ ሰማያዊ ይሁን። እያንዳንዱ ቀለም በቀጥታ መስመር ተቆርጦ፣ ዳር ዳሩ በጥቁር ሳይከበብ፣ ከጎረቤቱ ጋር ይገጠም። ተጠግተው ሲያዩት የተበታተነ የወረቀት ቁራጭ ይመስላል። አምስት ስድስት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ግን ሰውየው ራሱ ነው፤ እናቱ አትስተውም።

ይህ አሣሣል በዓለም ላይ የታወቀ ስም አለው። በአማርኛ ግን ስም አላገኘሁለትምና «የፈርጅ መልክ» እንበለው እላለሁ። ለምን ይህን ቃል እንደመረጥኩ ከመናገሬ በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ።

መነሻው ኢንዶኔዥያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የተወለደው ሠዓሊ ዌዳ አብዱል ራሲድ በጃካርታ ይታተም ለነበረው የወጣቶች መጽሔት «ሃይ» ሥዕል ይሠራ ነበር። ዕድሜው ወደ አርባ ሲጠጋ ዓይኑ ደከመ። ፊትን እንደ ፎቶ አስመስሎ፣ ስስ ጥላን በስስ ጥላ ላይ እየደረበ መሥራት አታከተው። እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ ታዲያ ሌላ መንገድ ያዘ፦ ፊትን እንደ ክብ ነገር ማየቱን ትቶ፣ ጠፍጣፋ ገጾች የተገጣጠሙበት አካል አድርጎ አየው። መጀመሪያ ያወጣለት ስም ሲተረጎም «በሳጥን የተከፋፈለ ደማቅ ፎቶ» እንደ ማለት ነው። «የዌዳ ፖፕ አርት ፖርትሬት» የሚለው መጠሪያ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ ዛሬ በአራት የላቲን ፊደላት አሳጥረው ይጠሩታል። እኔ የዚህን ሰው ታሪክ የምወደው ዓይኑ ሲደክም ብሩሹን አለማስቀመጡን ብቻ አይቼ አይደለም። የደከመ ዓይን ዝርዝሩን ትቶ ዋናውን እንደሚያይ ማስተዋሉ ይበልጥብኛል።

ስሙ ውስጥ የተሰነቀረው «ፖፕ አርት» ትርጉሙን ያወሳስበዋል። ፖፕ አርት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በብሪታንያ ተጀምሮ በ1960ዎቹ በአሜሪካ የገነነ እንቅስቃሴ ነው። አንዲ ዋርሆል በ1962 የማሪሊን ሞንሮን የፊልም ማስታወቂያ ፎቶ በስክሪን ኅትመት ደጋግሞ አተመው፤ ሮይ ሊክተንስታይን የተረት ምስል መጽሔቶችን የኅትመት ነጠብጣብ አግዝፎ ሸራ ላይ አወጣው። ከማስታወቂያ፣ ከጋዜጣና ከሱቅ መደርደሪያ የተወሰደ፣ ሁሉም የሚያውቀው ምስል ወደ ሥዕል አዳራሽ ሲገባ ፖፕ አርት ተባለ።

ይህን «ሕዝባዊ ጥበብ» ብለው የሚተረጉሙ ይኖራሉ። እኔ አልስማማም። በእኛ ጆሮ «ሕዝባዊ» ያለፈባቸው ዘመናት አሉ፤ ሕዝባዊ ሠራዊት፣ ሕዝባዊ ድርጅት፣ ሕዝባዊ ስብሰባ ሲባል ኖሯል። ከዚያም በላይ ሕዝባዊ ጥበብ ስንል እንጅባራ ያለው የፈረስ ጌጥ ሠሪ ወይም የሰፌድ ሰፊዋ ሥራ ነው ትዝ የሚለን፣ የዋርሆል ማሪሊን አይደለችም። ስለዚህ ፖፕ አርት እንደ ጃዝና እንደ ሲኒማ በስሙ ይቅር። ለሥዕሉ ዓይነት ስም ስናወጣ ከእንቅስቃሴው ይልቅ ከአሠራሩ ብንነሣ ይሻላል። አሠራሩ ደግሞ ቆርጦ መግጠም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቃል አንሥቼ ጥያለሁ። «ቁርጥራጭ» ቀላል ነበር፤ ግን የተረፈ፣ የማይፈለግ ነገር ይሸታል፤ «ቁርጥ» ብለን ብናሳጥረው ደግሞ ወሬው ወደ ሥጋ ቤት ይሄዳል። «ድሪቶ» መጣፍን ይገልጻል፣ ነገር ግን ማን የገዛ ፊቱ ድሪቶ እንዲባል ይፈልጋል? «ፈርጥ» ለጆሮ ያምራል፤ የከበረ ድንጋይ በብዙ ጎን እንደሚቆረጥም ይታወቃል። ችግሩ «የኪነ ጥበብ ፈርጥ» እያልን ቃሉን ለሙገሳ ጨርሰነዋል፤ መጥፎ ሥዕል እንኳ በስሙ ብቻ የተመሰገነ ይመስላል። «ገጽ» በሒሳብ መጽሐፍ የጠጣር ቅርጾችን ጎን ይገልጻል፤ ግን ገጽ ራሱ ፊት ማለት ስለሆነ «የገጽ ገጽ» እያልን ልንንተባተብ ነው።

የቀረው «ፈርጅ» ነው። «ፈርጀ ብዙ ችግር»፣ «በየፈርጁ» ስንል የአንድን ነገር ልዩ ልዩ ጎኖች ማለታችን ነው። «ፈርጀ ብዙ» የሚለው አካሄድም ተማሪው በአማርኛ የሒሳብ መጽሐፍ ከሚያውቃቸው «ጎነ ሦስት» እና «ጎነ ብዙ» ጋር ወንድማማች ነው። ሥዕሉ የሚሠራባቸው ቅርጾች ደግሞ እነዚሁ ጎነ ሦስትና ጎነ ብዙዎች ናቸው። «መልክ» ያልኩትም በምክንያት ነው። ምስል የማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል፤ መልክ ግን ሰው የሚታወቅበት ነው። በግእዝ ድርሰታችን «መልክእ» የተባለው የውዳሴ ዓይነትም ቅዱሱን ወይም ቅድስቲቱን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር፣ ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል አንድ አንጓ እየሰጠ ይዘልቃል። መልክን ክፍል በክፍል መሥራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሠራሩን በቅርብ ማየት ለሚፈልግ፣ ነገሩ ከፎቶው ይጀምራል። ረፋድ ላይ ብርሃን ከአንድ ወገን የመታው ፊት ተመራጭ ነው፤ በጥር የደጋው ሰማይ ጥርት ሲል እንዲህ ያለ ብርሃን አይታጣም። ቀትር ላይ የተነሣ ከሆነ የዓይን ጉድጓድ ይጨልማል፤ በፍላሽ ፊት ለፊት የተነሣ ከሆነ ደግሞ ጥላ ስለሌለው ምን ተይዞ ይቆረጣል? ፎቶው በሥዕል ሶፍትዌር ይከፈታል። ክሪታ የተባለው በነጻ የሚገኝ ነው፤ ስሙ በስዊድንኛ ጠመኔ ማለት መሆኑ ለአስተማሪ ልጆች ደስ ይላል። ፎቶው ከታች ይቀመጥና ጥቂት እንዲደበዝዝ ይደረጋል። ከላዩ ባዶ ሌየር ይከፈታል። ከዚያ በጎነ ብዙ መሣሪያው ነጥብ እየነኩ፣ ብርሃን የሚለወጥበትን ዳር እየተከተሉ መቁረጥ ነው።

ሕጉ ቀላልና ጨካኝ ነው፦ የጎበጠ መስመር የለም። ከንፈር ይጎብጣል፣ ቅንድብ ይጎብጣል፣ የአፍንጫ ቀዳዳ ክብ ነው፤ ሁሉም ግን በቀጥታ መስመር ይሠራሉ። ይህ እንዴት ይሆናል ለሚል የእንጅባራን ቀርቀሃ ማየት ነው። ግቢውን በክብ ያጠረ ሰው አንዱንም ቀርቀሃ አላጎበጠም፤ አጥሩ ግን ክብ ነው። ዘዴው ማዕዘኑ የት ይሁን የሚለው ላይ ነው። በዓይንና በአፍ ዙሪያ ፈርጆቹ ትናንሽና ብዙ ይሆናሉ፣ ሰው የሚታወቀው እዚያ ነውና። ግንባርና ጉንጭ ላይ ይሰፋሉ፤ ጋቢው ላይ ሲደረስ ሦስት አራት ትልልቅ ፈርጅ ይበቃል። ጀማሪ የሚሳሳተው ሁሉንም እኩል ሲቆራርጥ ነው። ያን ጊዜ ፊቱ የተሰነጠቀ መስታወት ይሆናል። ፎቶን በአንድ ንክኪ ወደ ሦስት ማዕዘን የሚበትኑ የስልክ መተግበሪያዎችም ጉድለታቸው እዚሁ ላይ ነው፤ ለዓይን ብሌንና ለጀርባው ግድግዳ አንድ ዓይነት ክብር ይሰጣሉ።

ቀለሙ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይጣፍጣል። እያንዳንዱ ፈርጅ ዝርግ ቀለም ይይዛል፤ ዝርግ ማለቴ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፣ የማይደበዝዝና የማይደምቅ ነው። እኛ ሰውን ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጠቆር ያለ እያልን በቆዳው መለየት እንወዳለን። የፈርጅ መልክ ይህን ሁሉ ይሽረዋል፤ ጠይሟ አረንጓዴ፣ ቀይ ዳማው ሰማያዊ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ግን አይጠፋም። ምክንያቱም ዓይናችን ሰውን የሚለየው በቀለሙ ዓይነት ሳይሆን በብሩህነቱ ደረጃ ነው። በፎቶው ላይ ብርሃን የነበረበት ቦታ ብሩህ ቀለም፣ ጥላ የነበረበት ጨለም ያለ ቀለም እስከያዘ ድረስ ቢጫም ሆነ ሮዝ ግድ የለም። ማረጋገጫው ሥዕሉን ለጊዜው ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ነው። እንዲያ ሲሆን ሰውየው ከጠፋ አንዱ ፈርጅ ከቦታው የማይገባ ቀለም ይዟል ማለት ነው፤ ያን ፈልጎ ማረም ነው።

የሙያው ጥቃቅን ጣጣም አለ። ሁለት ፈርጆች በሚገናኙበት ዳር እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ብቅ ይላል፤ በስክሪን ላይ አይታይም ብለው ቢተዉት ባነር ላይ ሲታተም ያሳፍራል። መድኃኒቱን ጣሪያ የመታ ሁሉ ያውቀዋል፦ የአንዱን ቆርቆሮ ጫፍ በሌላው ሥር ማስገባት። ሥዕሉ በፒክስል የሚሠራ ከሆነ መጠኑ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ለኤ3 ወረቀት በ300 ዲፒአይ 3508 በ4961 ፒክስል ይሆናል። እንደ ኢንክስኬፕ ባለ የቬክተር ሶፍትዌር የሠራ ሰው ግን ከዚህ ጭንቀት ነጻ ነው፤ ያው ፋይል ለስቲከርም ለአደባባይ ባነርም ይሆናል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስክሪን ላይ የሚያበራው ሮዝና ደማቅ አረንጓዴ በማተሚያ ቀለም ሲወጣ ይፈዛል። ሁሉንም ከማተም በፊት ትንሽ ናሙና ማሳተም ይበጃል።

ይህን የሥዕል ዓይነት ስመለከት ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ ለእኛ ዓይን ምን ያህል ባዕድ ነው የሚል ነው። ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር ተጉዞ፣ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው ግድግዳው ሁሉ ዝርግ ቀለም ሆኖ ያገኘዋል። ቀዩ ካባ አንድ ቀይ ነው፣ ጀርባው አንድ ቢጫ ነው። ልዩነቱ በዚያ ሥዕል እያንዳንዱ ቀለም በመስመር ይከበባል፤ የፈርጅ መልክ መስመሩን አውጥቶ ቀለምና ቀለምን ፊት ለፊት ያጋጥማል። ሌላም ልማድ አለን፦ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ክፉው በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይተርፈዋል። ፈረሰኛው በጎን ሲጋልብ የተነሣ ፎቶ ስመርጥ እጄ የሚያመነታው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቀረብ ያለ ዘመድ የሚገኘው ግን አዲስ አበባ ነው። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1961 ለተከፈተው የአፍሪካ አዳራሽ የሠራው 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ላይ ፊቶቹ በማዕዘን የተቆረጡ ናቸው። መስታወት በቀላሉ አይጎብጥምና ቁሱ ራሱ ያንን ያዛል። አፈወርቅ ያን ሲሠራ ዌዳ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። አንዱ ከሌላው ወስዷል ለማለት አይደለም፤ ቁራጭ ዝርግ ቀለም በእጁ የገባ ሠዓሊ ከየትም ይነሣ ወደ ተመሳሳይ መልስ ይደርሳል ለማለት ነው።

ወደ ቃሉ ልመለስ፣ አንድ ዕዳ አለበትና። ከ«ፈርጅ» ግስ ማውጣት አይቻልም። «ፈረጀ» የሚለው ግስ በዜና ቋንቋችን ሰውን በአንድ ስም ለይቶ መወንጀል ሆኗል። ፎቶ ቤት ገብቶ «እባክህ ፈርጀኝ» የሚል ደንበኛ ቢመጣ ዲዛይነሩ ፖሊስ ሳይጠራ አይቀርም። ስለዚህ ግሱ ከሌላ ቦታ ይምጣ፦ ጥለት እንደሚወጣ ሁሉ «ፈርጅ ማውጣት» እንበል። «ፎቶዬን ፈርጅ አውጣልኝ»፣ «ፈርጁ በዛ»፣ «ዓይኑ ላይ ፈርጅ ይጨመር»፤ ይህ በጆሮዬ ላይ ይቀመጣል። ሌየርንና ፒክስልን ግን አልነካኋቸውም፤ የባነር ቤት ልጆች በአፋቸው አርሰዋቸዋል።

ቃል ማውጣት ድፍረት ነው የሚል ካለ የአዊኛን ፊደል ይመልከት። አማርኛ የሌለው ድምፅ ሲያጋጥም ገበታውን ጥሎ ሌላ አልተፈለገም፤ «ገ» ላይ ምልክት ተጨምሮ «ጘ» ተቀረጸ። «የፈርጅ መልክ»ም «ገ» ላይ እንደ ተጨመረችው ምልክት ቢታይልኝ ይበቃኛል፤ የሚፈተነውም ጥር 23 ሲቃረብ፣ ደንበኛው የአባቱን የፈረስ ላይ ፎቶ በስልኩ ይዞ ባንኮኒው ላይ ሲደገፍ ነው። ያን ጊዜ ዲዛይነሩ «እንደ ፎቶው ይሁን ወይስ ፈርጅ ይውጣለት?» ብሎ ከጠየቀው፣ ደንበኛውም ምን ማለት ነው ሳይል «ይውጣለት፣ ቀዩ ይብዛ» ካለው ቃሉ ሥር ሰደደ ማለት ነው።