የብዜት ሕግ ታሪክ፦ ከላይብኒዝ ጥያቄ እስከ ሐዋሳ ማሳ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ መስመር ስለሚጻፍ ሕግ ነው። ሀ እና ለ የሚለዋወጡ ሁለት መጠኖች ቢሆኑ፣ የብዜታቸው ዴሪቬቲቭ እንዲህ ይሰላል፦

(ሀ × ለ)′ = ሀ′ × ለ + ሀ × ለ′

ሕጉን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን የፈተና ወረቀት ባረምኩ ቁጥር ሀ′ × ለ′ ተብሎ የተጻፈ መልስ አይጠፋም። ይህን መልስ ብዙዎች የስንፍና ምልክት አድርገው ይቆጥሩታል። ታሪኩ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል።

ጀርመናዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒዝ እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1675 በያዘው ማስታወሻ ላይ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፤ የብዜት ለውጥ ከለውጦች ብዜት ጋር አንድ ነውን? መርምሮም አንድ አለመሆኑን ተረዳ። ትክክለኛው ሕግ በ1677 ማስታወሻው ውስጥ ይገኛል፤ በ1684 ደግሞ በላይፕዚግ ይታተም በነበረው አክታ ኤሩዲቶሩም በተባለ መጽሔት ለንባብ በቃ። ስለዚህ ተማሪው የሚሳሳተው የካልኩለስ መሥራች በቆመበት ደጃፍ ላይ ነው። ልዩነቱ፣ ላይብኒዝ ግምቱን ፈተነው፤ ተማሪው ግን መፈተን እንደሚቻል ብዙ ጊዜ አይነገረውም።

እስቲ እኛም እንፈትነው። ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ወርዱ 25 ሜትር የሆነ ማሳ አለን እንበል፤ ስፋቱ 1,000 ካሬ ሜትር ነው። ርዝመቱም ወርዱም በ1 ሜትር ቢጨምሩ 41 × 26 = 1,066 ይሆናል። የለውጦቹ ብዜት 1 ብቻ ሲሆን፣ ማሳው ግን በ66 ካሬ ሜትር አድጓል። ከዚህ ውስጥ 25ቱ ርዝመቱ በመጨመሩ፣ 40ው ወርዱ በመጨመሩ የተገኙ ናቸው፤ የቀረችው 1 ካሬ ሜትር የማዕዘኗ ቁራሽ ናት። ጭማሪውን ወደ 0.1 ሜትር ብናሳንሰው ጠቅላላው ዕድገት 6.51 ሲሆን የማዕዘኗ ድርሻ 0.01 ብቻ ይሆናል። ጭማሪው ባነሰ ቁጥር ማዕዘኗ ከሌሎቹ እጅግ ፈጥና ትመነምናለች። የሕጉ ምሥጢር ይኸው ነው።

ይህች ትንሽ ማዕዘን ታላላቅ ሰዎችን አከራክራለች። ኒውተን በ1687 ባሳተመው ፕሪንኪፒያ፣ ከእያንዳንዱ ጎን የጭማሪውን ግማሽ ቀንሶ፣ ግማሹን ደግሞ ጨምሮ፣ የሁለቱን ስፋቶች ልዩነት ወሰደ። በእኛ ማሳ 40.5 × 25.5 ሲቀነስ 39.5 × 24.5 ማለት ነው፤ ውጤቱ ልክ 65 ይመጣል፤ ማዕዘኗም ጠፋች። ጆርጅ በርክሌይ የተባለው ፈላስፋና ጳጳስ ግን በ1734 ተቃውሞውን አቀረበ፦ ማሳው በእውነት ያደገው በ66 ነው፤ አንዲቱን በዘዴ መሰወር ማስረጃ አይሆንም። ተቃውሞው ተገቢ ነበር። አጥጋቢው መልስ የተገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኮሺ በ1821 ባሳተመው የትምህርት መጽሐፍና ከእርሱ በኋላ በመጡት ሊቃውንት ሥራ፣ የሊሚት ጽንሰ ሐሳብ በጠራ ጊዜ ነው። ዛሬ በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ የምናልፈው መስመር አንድ ምዕተ ዓመት ተኩል ያህል ወስዷል።

ላይብኒዝ ለኢትዮጵያ ጥናት ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም። ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ስለ ቋንቋዎች ለዓመታት ይጻጻፍ ነበር። ሉዶልፍ ደግሞ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመ፣ ዕውቀቱንም በ1649 ሮም ላይ ካገኛቸው የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ የቀሰመ ሊቅ ነው። ይህን የማነሣው አባ ጎርጎርዮስን የካልኩለስ ባለቤት ለማድረግ አይደለም። ላይብኒዝ የ1684ቱን ጽሑፍ ያቀረበው በአፍ መፍቻው በጀርመንኛ ሳይሆን በላቲን ነበር። የእኛም ተማሪ ካልኩለስን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። በባዕድ ቋንቋ መማር ማሰብን አይከለክልም፤ በባዕድ ቋንቋ መሸምደድ ግን ጥያቄን ያስረሳል። ማሳው ለምን በ66 እንዳደገ በአማርኛም ሆነ በሲዳሙ አፎ ለባልንጀራው ማስረዳት የሚችል ተማሪ፣ ሕጉን ቢረሳ እንኳ መልሶ ያገኘዋል።

ማሳን በምሳሌነት የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዩኒቨርሲቲያችን በ1976 ከተቋቋመው የግብርና ኮሌጅ የበቀለ ነው። የአንድ ቤተሰብ የበቆሎ ምርት የመሬቱ ስፋትና የሄክታር ምርታማነቱ ብዜት ነው። ሕጉን ለምርቱ ብናካፍለው፣ የምርቱ የዕድገት መቶኛ በግምት የሁለቱ መቶኛዎች ድምር ይሆናል። ምርታማነት በዓመት 3 በመቶ ቢያድግ፣ መሬቱ ግን ለልጆች እየተከፋፈለ በዓመት 4 በመቶ ቢቀንስ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ እያለም የቤተሰቡ ምርት በዓመት 1 በመቶ ገደማ ያሽቆለቁላል። መሬት በጠበበበት በሲዳማና በጌዴኦ ደጋ ይህ ስሌት የጎተራ ጉዳይ ነው። አንዱን ቃል ብቻ አይቶ «አድገናል» የሚል ዘገባ የሕጉን እኩሌታ ዘንግቷል።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ሕጉን በሰሌዳ ላይ ከመጻፋችን በፊት የላይብኒዝን ጥያቄ እንጠይቅ፤ ተማሪዎቹም ግምታቸውን በቁጥር ይፈትኑ። ይህ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም። ውድ ተማሪዎች፣ እናንተም ሁለት ነገሮች በአንድነት ሲለወጡ ባያችሁ ጊዜ፣ የእያንዳንዱን ድርሻ ለየብቻ መዝኑና ደምሩ።