ድግሱና አዛኑ

 

ከጂጂጋ የደረሰን ጥያቄ አጭር ነው። «የልጄን ልደት ልናደርግ ነው። እንግዶቹ ከሥራ ወጥተው 11፡00 ላይ ይመጣሉ። መግሪብ መሐል ላይ ይገባል። ምን ይሻላል?» ትላለች አንዲት እናት። የልደት ድግስ ራሱ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው በዑለማዎች ዘንድ ብዙ የተባለበት ጉዳይ ነው። አጥብቀው የሚከለክሉ አሉ፤ ልማድ እንጂ ዒባዳ አይደለም ብለው የሚያቀሉም አሉ። እርሱን ለሸይኾቻችሁ እንተወውና፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚያው በሶማሌ ምድር ደስታንና ሶላትን እንዴት አብረው ያስኬዱ እንደነበር እንይ።

ቀድሞ ነገር የልደት ቀን የሚባል አልነበረም። የሶማሌ አርብቶ አደር ዓመቱን የሚጠራው በደረሰበት ነገር ነው። በ1967 ዓ.ም. አካባቢ አገሩን የፈጀው ድርቅ «ዳባዴር» ማለትም ጅራተ ረጅሙ ተብሎ ስለተሰየመ፣ በዚያ ዘመን የተወለደ ሰው ዕድሜው በእርሱ ይቆጠራል። ቀኑን ማንም አይጠይቀውም። የሚታወቀው ቀን ሰባተኛው ነው። ሶማሌዎች «ወንቀል» የሚሉት ዐቂቃ የሚታረደው በዚያ ቀን ነው፤ ለወንድ ሁለት በግ ወይም ፍየል፣ ለሴት አንድ። የአካባቢው ሕዝብ የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታይ ነውና በመዝሀቡ ኪታቦች መሠረት እርዱ ፀሐይ ስትወጣ በጠዋቱ ቢሆን የተወደደ ነው። ሥጋውም የልጁ ጠባይ ይጣፍጥ ዘንድ በመልካም ምኞት ከጣፋጭ ነገር ጋር ይቀቀላል። ልብ በሉ፤ እርዱ በማለዳ ሲሆን ድግሱ ዙህር ሳይገባ ያልቃል። ሰዓቱን የሚያስተካክል አስተናጋጅ አላስፈለጋቸውም፤ ሱናው ራሱ አስተካክሎላቸዋል።

ሴቶቹም የራሳቸው ጀመዓ ነበራቸው፣ ዛሬም አላቸው። «ሲታት» በሚባለው ስብሰባ እናታችንን ሐዋእን፣ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) እናት አሚናን፣ ልጃቸውን ፋጢማን (ረ.ዐ.) በዜማ ያወድሳሉ፤ እርጉዝ ሴት በሰላም እንድትገላገል ዱዓ ያደርጋሉ። ልጅ ገና ሳይወለድ የሚደረግ ድግስ ብንለው አላጋነንንም።

ስለ ልደት ከተነሣ መውሊድን መዝለል አይቻልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰኞን ስለ መጾም ሲጠየቁ የተወለዱበት ቀን መሆኑን እንደ ተናገሩ ሙስሊም ዘግበዋል። ቀኑን በጾም እንጂ በድግስ አላሰቡትም። ሕዝብ ተሰብስቦ ማክበሩ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በካይሮ ፋጢሚዮች፣ በኋላም በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ሂጅሪ መጀመሪያ የኢርቢሉ ገዥ ሙዞፈረዲን በታላቅ ድግስ አከበሩት። ወደኛ ስንመጣ፣ የቃዲሪያው ሸይኽ ዐብዱረሕማን አዝ-ዘይለዒይ በ1882 እ.ኤ.አ. ዐርፈው የተቀበሩት በኦጋዴን ቁሉንቁል ነው። የዐረብኛ ሰዋስው ሊቅ ነበሩ፤ በስማቸው የተጠራው ዘይለዒያ ቅርንጫፍ መውሊድና ዚክርን በሶማሌ ምድር አስፋፍቷል። ሳሊሒያዎች ደግሞ በወልዮች ማማለድን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ጠቡ እስከ ደም ደርሶ የቃዲሪያው ሸይኽ ኡወይስ አል-በራዊ በ1909 እ.ኤ.አ. በደርቡሾች ተገደሉ። ያን ያህል የተጣሉት እነዚህ ወገኖች በሶላት ወቅት ላይ ግን አልተጣሉም። ሁለቱም ለአንድ አዛን ይነሡ ነበር።

በሀገር ደረጃም ሙስሊሙ ስለ በዓሉ ጊዜ የታገለበት ታሪክ አለ። በንጉሡ ዘመን በዓሎቻችን በሕግ የታወቁ ስላልነበሩ ሠራተኛው በዒዱ ቀን ቢሮ ይገባ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙና ደጋፊዎቹ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። በ1967 ዓ.ም. ዒደል ፊጥር፣ ዒደል አድሓና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ዕለት የሚዘጉት ከ5፡30 እስከ 7፡30 መሆኑም ለጁሙዓ ያመቻል። መንግሥት ሰዓቱን ማስተካከል ከቻለ አንድ ቤተሰብ ለልጁ ኬክ ሰዓት ማስተካከል አያቅተውም።

እንግዲህ ወደ እናታችን ጥያቄ። መጀመሪያ ሰዓቱን ከራሷ ከተማ ትያዝ። ጂጂጋ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ስለምትርቅ ፀሐይ እዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ቀድማ ትጠልቃለች፤ በአዲስ አበባ አቆጣጠር የታተመ የሶላት ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ በእርሱ መሄድ አያዋጣም። በኅዳር ማብቂያ መግሪብ ወደ 11፡45 ሲገባ በሐምሌ መጀመሪያ 12፡30ን ያልፋል። ስለዚህ 11፡00 የተጠራ እንግዳ በኅዳር ገና ሻዩን ሳይጨርስ አዛን ይደርስበታል፤ በሐምሌ ግን ሰዓት ተኩል አለው።

ከአምስቱ ጠባቡ ደግሞ መግሪብ ነው። ኢማም አሽ-ሻፊዒይ በኋለኛው ቃላቸው ጊዜው ለውዱእና ለጥቂት ረከዓ የሚበቃ ብቻ ነው ብለዋል። ኢማም አን-ነወዊ ያጠናከሩት ቀይ ወጋገኑ እስኪጠፋ ይቆያል የሚለውን ነው። እርሱም ቢሆን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ምግቡ በአዛን ሰዓት መቅረብ የለበትም። እራት ከቀረበና ኢቃማ ከተደረገ በእራቱ ጀምሩ የሚል ሐዲስ አለና ሳህኑ ከወጣ እንግዳው ይበላል፤ ልቡ ከምግቡ ጋር ሆኖ እንዳይሰግድ። ያም ሆኖ አስቀድሞ ሳህኑን ያለ ሰዓቱ ማውጣት የአስተናጋጁ ጥፋት ነው። ከተቻለ እንደ ወንቀሉ ጠዋት 3፡00 ተጠርቶ ከዙህር በፊት ይለቅ። ከሰዓት ከሆነ ዐስር በየወቅቱ ከ9፡10 ገደማ እስከ 9፡45 ገደማ ስለሚገባ፣ ተሰግዶ ወዲያው ተጀምሮ 11፡30 ላይ ልጆቹ ይሸኙ። ማታ መሆን ካለበት እንግዳው ለመግሪብ ይጠራና ምግቡ ከሶላቱ በኋላ ይቅረብ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻእ በኋላ ወሬ ማብዛትን ይጠሉ ነበርና እስከ እኩለ ሌሊት አይጎተት።

ለእንግዳ አንድ ክፍል ይለቀቅ፣ ሰሌን ይነጠፍ፣ የውዱእ ውኃ ይቀዳ። ቂብላውንም አስቀድማችሁ አሳዩ። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ ማዘንበል ለምዷል፤ ጂጂጋ ላይ ግን ከሰሜን ጥቂት ወደ ምዕራብ ነው።