ባለቤቱን በር ላይ ያቆመ ዘበኛ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ተረት ነው እንዳትሉኝ፤ ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ ደቂቃውም ተመዝግቦ የተቀመጠ ነው። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ሰኔ 25 ቀን 2011 ዓ.ም.። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ከ42 ላይ፣ ክላውድፍሌር በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ አንድ መሐንዲስ አንዲት አዲስ ሕግ ለዓለም ለቀቀ። ሦስት ደቂቃ አልቆየም፣ የተረኛው ባለሙያ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ከዚያ ሌላው ጮኸ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ።

ክላውድፍሌርን አናውቀውም ትሉ ይሆናል። ሳታዩት ግን ደጋግማችሁ በእሱ በኩል አልፋችኋል። ብዙ ድረ ገጾችን ስትከፍቱ ጥያቄያችሁ ወደ ድረ ገጹ ሰርቨር በቀጥታ አይሄድም፤ መጀመሪያ የዚህን ኩባንያ ማሽኖች ማለፍ አለበት። ማሽኖቹ ያኔ ከ180 በላይ በሆኑ ከተሞች ተበትነው ነበር። በእያንዳንዳቸው ላይ የድረ ገጽ ፋየርዎል፣ ባለሙያዎቹ በአጭሩ «ዋፍ» የሚሉት ፕሮግራም አለ። ይህ ዋፍ ልክ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ የሚገባውን ሁሉ ይፈትሻል፣ ተንኮል የያዘውን ይመልሳል፣ ሌላውን «ግባ» ይለዋል። የሚፈትሽበት የሕግ ዝርዝርም በየጊዜው ይታደሳል፤ ሌባው መላውን ሲለውጥ ዘበኛው በአሮጌው መላ ቆሞ አይጠብቅምና።

አዲሲቷ ሕግ የወጣችው ድረ ገጽ ውስጥ ሾልኮ የሚገባ የጃቫስክሪፕት ተንኮልን ለመያዝ ነበር። ለጊዜውም በሙከራ መልክ ነው የተለቀቀችው፤ ያገኘችውን ትመዘግባለች እንጂ ማንንም አታግድም። እንዲህ ያለችው ሕግ ማንን ትጎዳለች? ለመመዝገብም ቢሆን ግን መጀመሪያ መፈተሽ አለባት። ጉዱ ያለው ፍተሻው ላይ ነው።

ሕጓ የተጻፈችው ሬጌክስ በሚባለው የፍለጋ ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ ነጥብና ኮከብ ተከታትለው ሲጻፉ «ምንም ይሁን፣ የፈለገውን ያህል ይሁን፣ ውሰድ» ማለት ነው። በሕጓ ውስጥ ይህ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መጣና ከኋላው የእኩል ምልክት ተፈለገ። የመጀመሪያው ትእዛዝ ጽሑፉን በሙሉ ይውጣል። ለሁለተኛው የሚተርፍ የለም። እኩል ምልክቱም አልተገኘም። ስለዚህ የመጀመሪያው አንድ ፊደል ይተፋል፣ ሁለተኛው ያቺን ይወስዳል፣ ምልክቱ ይፈለጋል፤ የለም። ደግሞ ወደ ኋላ፣ ደግሞ እንደገና። ዘበኛችን የእንግዳውን ሻንጣ አንዲት ዕቃ ባነሳ ቁጥር ሁሉንም መልሶ ከትቶ ከመጀመሪያው ይበረብራል በሉት።

የሕጓን ዋና ክፍል ብቻ ነጥለው እርምጃውን ቆጥረውታል። «ኤክስ እኩል ይሆናል ኤክስ» የሚለውን ባለ ሦስት ምልክት ጽሑፍ ለማግኘት 23 እርምጃ ይፈጃል። ከእኩል ምልክቱ ኋላ 20 ኤክስ ሲደረደር 555 ይሆናል። ምልክቱ ጭራሽ ከሌለና 20 ኤክስ ብቻ ከቀረበለትስ? «አላገኘሁም» ብሎ ለመመለስ 4,067 እርምጃ! እውነተኛ የድረ ገጽ ጥያቄ ደግሞ በ20 ፊደል አያልቅም።

ሌላው የክላውድፍሌር ሶፍትዌር ሲታደስ ቀስ ብሎ፣ በደረጃ ነበር የሚሰራጨው። የዋፍ ሕግ ግን በሴኮንዶች ውስጥ ዓለምን ያዳርሳል። ምክንያቱ ጥሩ ነው፤ ጥቃት ሲመጣ ጊዜ አይሰጥምና። በዚያን ዕለት ግን ጥቃት አልነበረም፣ ፍጥነቱም ጥፋቱን ለማዳረስ ዋለ። የድረ ገጽ ጥያቄ የሚያስተናግዱት ሲፒዩዎች በዓለም ዙሪያ 100 በመቶ ደረሱ። የኩባንያው ትራፊክ በከፋው ሰዓት 82 በመቶ ወረደ። በየአገሩ ሰው ድረ ገጽ ሲከፍት 502 የሚል የስህተት ገጽ ይመጣለታል። (በኢትዮጵያ ሰው በዚያ ሰሞን ስለ ኢንተርኔት የሚያማርረው በሌላ ምክንያት ነበር፤ ከሰኔ 15ቱ ግድያዎች በኋላ መስመሩ ተዘግቶ ሰንብቷል። 502 ለማየትም እኮ መጀመሪያ ኢንተርኔት ያስፈልጋል።)

እዚህ ላይ ታሪኩን ትንሽ ገታ ላድርገው። ፋየርዎል የሚባል መሣሪያ ዕቃው አንድ ይምሰል እንጂ ውስጡ ብዙ ፕሮሰሶች የሚሯሯጡበት ኮምፒውተር ነው። አንዱ ሎግ ይጽፋል፣ አንዱ ቪፒኤን ይይዛል፣ አንዱ ከአስተዳደር ሰርቨሩ ጋር ይነጋገራል። አምራቾቹም ይህን ስለሚያውቁ በላያቸው ተቆጣጣሪ ይሾማሉ። የእስራኤሉ ቼክ ፖይንት መሣሪያዎች ላይ ለምሳሌ ዎችዶግ የሚሉት ፕሮሰስ አለ፤ ከሥሩ ያለ አንድ ፕሮሰስ ሲሞት መልሶ ያስነሳዋል። ዝርዝሩን ስታስወጡ የእያንዳንዱ ፕሮሰስ ሁኔታ በአንዲት ፊደል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ጀማሪው «እየሠራ ነው» የምትለውን ፊደል አይቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። ብልሁ ግን ዓይኑን ወደ ሌላ ዓምድ ይወረውራል፦ ስንት ጊዜ ተነሳ? ቁጥሩ 1 ከሆነ ደህና። 14 ከሆነ ያ ፕሮሰስ ሌሊቱን ሲሞትና ሲነሳ አድሯል፤ ጠዋት ላይ ግን ደህና መስሎ ይታያል። የፎርቲኔት መሣሪያዎች ደግሞ ሜሞሪያቸው 88 በመቶ ሲሞላ ራሳቸውን ወደ ቁጠባ ያስገባሉ፤ 95 ሲደርስ አዲስ ግንኙነት አንቀበልም ይላሉ። በየባንኩ መስኮት «ሲስተም የለም» የሚሏችሁ ልጆች ከኋላ የሞተው የትኛው እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ። ከኋላ የተቀመጠው ግን ማወቅ አለበት።

በሰኔ 25 የሆነውን ከባድ ያደረገው ይህ ነው። «ሞተ ወይ?» ለሚል ተቆጣጣሪ መልሱ «አልሞተም» ነበር። ፕሮግራሙ ወድቆ አልነበረም፤ እንዲያውም ጉልበቱን አሟጦ ይሠራ ነበር። ሕጓ ከመለቀቋ በፊት ያለፈችበት የኮምፒውተር ፈተናም አረንጓዴ ነበር። ፈተናው ሕጓ በትክክል ትይዛለች ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ስንት ሲፒዩ ትበላለች ብሎ ግን አይጠይቅም።

ወደ ሰዎቹ እንመለስ። መጀመሪያ የጠረጠሩት ጥቃት ነው፤ ማንም ቢሆን ያንኑ ይጠረጥር ነበር። 11 ሰዓት ላይ ግን ጥፋተኛው የራሳቸው ዋፍ መሆኑን ለዩ። 11 ሰዓት ከ2 ላይ በመላው ዓለም ይጥፋ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ማጥፊያውም አለ። በሉ አጥፉት!

ታዲያ ማን ገብቶ? ክላውድፍሌር የውስጥ ሥራውንም የሚጠብቀው በራሱ ምርት ነበር። መቆጣጠሪያ ገጹ፣ የሥራ መዝገቡ፣ ሕግ የሚገነባበት ሲስተም፣ ሁሉም ከዚያው በር ጀርባ ነው። በሩ ደግሞ ተይዟል። የግቢው ባለቤት ከራሱ ደጅ ቆሞ ዘበኛው ሻንጣ በርብሮ እስኪጨርስ ጠበቀ። ጓሮ በር ነበራቸው፤ ግን እምብዛም ስለማይጠቀሙበት አልለመዱትም። አንዳንዶቹ ባለሙያዎች ደግሞ ወደ መቆጣጠሪያው አዘውትረው ስለማይገቡ፣ ለደኅንነት ሲባል ሲስተሙ ፈቃዳቸውን ሰርዞት ተገኘ። እንደ ደንብ ካየነው ተገቢ ደንብ ነው፤ ያን ዕለት ግን እሳት አጥፊውን ከሥራ አሰናብቶት ነበር።

እንደ ምንም ብለው ገቡ። 11 ሰዓት ከ7 ላይ ዋፉ በመላው ዓለም ጠፋ። 11 ሰዓት ከ9 ላይ ሲፒዩውም ትራፊኩም ወደ ቦታው ተመለሰ። በጠቅላላው 27 ደቂቃ። ከዚያ በጥንቃቄ አንዲት ከተማ መርጠው፣ የሚከፍሉ ደንበኞቻቸውን ከዚያ አዙረው ሞከሩ፤ 11 ሰዓት ከ52 ላይ ዘበኛው ያለዚያች ሕግ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከአሥር ቀን በኋላ የኩባንያው የያኔው ዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊ ጆን ግራሃም ከሚንግ ረጅም ዘገባ ጽፎ ለሕዝብ አወጣ። እኔ ይህን ታሪክ እንድወደው ያደረገኝ ያ ዘገባ ነው። የኩባንያ መግለጫ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ» ብሎ የሚያልቅ ለመሰለን ሰዎች እንግዳ ነገር ነው። ለአደጋው 11 ምክንያት ዘርዝሯል። ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው፦ አንድ ሬጌክስ ሲፒዩ ከልክ በላይ እንዳይበላ የሚከላከል ጥበቃ ቀድሞ ነበር። ከሳምንታት በፊት ዋፉ ሲፒዩ እንዲቆጥብ ተብሎ ኮዱ ሲስተካከል፣ ያ ጥበቃ በስህተት ተነሳ። ቁጠባው ቆጣቢውን አስወጣ ማለት ነው! የትራፊኩን መውረድ የሚናገረው ማስጠንቀቂያ ዘግይቶ መምጣቱም፣ ሕጉን መልሶ ለማንሳት ሙሉው ግንባታ ሁለት ጊዜ መሠራት የነበረበት መሆኑም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። የመሐንዲሱ ስም ግን የለም። ትክክል ነው እላለሁ፤ አንድ ሰው በአንዲት መስመር ዓለምን ማቆም ከቻለ ጥፋቱ የዚያ ሰው ብቻ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ 3,868ቱን የዋፍ ሕጎች ቁጭ ብለው በእጃቸው መረመሩ። የተነሳውን ጥበቃ መለሱ። የሬጌክስ ሞተሩንም ፍለጋው ከልክ እንዳያልፍ ዋስትና በሚሰጥ ሌላ ሞተር ለመለወጥ ወሰኑ። መፍትሔው አዲስ ግኝት አልነበረም፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ ወደ ኋላ ሳይመለሱ መፈለግ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ፋየርዎል የምትጠብቁ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ልለምናችሁ። ወደ መሣሪያችሁ የምትገቡት በራሱ በመሣሪያው መስመር ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ ሌላ መንገድ አብጁ። ያ የኮንሶል ገመድ የት መሳቢያ እንደገባ ፈልጉት፤ የይለፍ ቃሉንም ነገሩ ሰላም ሳለ አንድ ጊዜ ሞክሩት።