የሴቶቹን ሊግ ያሳሳተው ሕዝብ

ዋሺንግተን ዲሲ የቆያችሁ አር.ኤፍ.ኬ. ስታዲየምን ታውቁታላችሁ። ኤፕሪል 14 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) ተጫዋቾቹ በሙሉ ደመወዝተኛ የሆኑበት የዓለም የመጀመሪያው የሴቶች እግር ኳስ ሊግ የተከፈተው እዚያ ነው። ከስምንቱ ቡድኖች ዋሺንግተን ፍሪደምና የካሊፎርኒያው ሳይበርሬይስ ሲጋጠሙ 34,148 ሰው ገባ። ብራንዲ ቻስቴይን ሚያ ሃምን ጎትታ ጣለች ተባለና ብራዚላዊቷ ፕሬቲንያ ፍጹም ቅጣት ምቱን አገባችው፤ 1 ለ 0። ሚያና ብራንዲ እኮ በ1999 አብረው የዓለም ዋንጫ ያነሡ ናቸው!

እንደ እኔ አስተያየት ጥፋቱን ያመጣው ያ ሕዝብ ነው። የ1999ኙን ፍጻሜ 90,185 ሰው ተመልክቶታል። በጆን ሄንድሪክስ የሚመሩት ባለሀብቶች የበዓል ቀን ገበያ ዓመቱን ሙሉ የሚቆም መሰላቸው። ለአምስት ዓመት ይበቃል የተባለው 40 ሚሊዮን ዶላር በአንድ ዓመት አለቀ። ወጪው የዓለም ዋንጫ፣ ገቢው የሰፈር ጨዋታ ሆነ።

ውድድሩስ ደካማ አልነበረም። ኦገስት 25 ቀን በፎክስቦሮ ሳይበርሬይስ ከአትላንታ ቢት ጋር 3 ለ 3 ጨርሶ በመለያ ምት ዋንጫውን ወሰደ። በየጨዋታው በአማካይ 8 ሺህ ያህል ተመልካች መግባቱም ለጀማሪ የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን የቴሌቪዥኑና የማስታወቂያው ገንዘብ ወጪውን የሚሸፍን አልሆነም። በ2003 መሥራች ተጫዋቾቹ 85 ሺህ ዶላር የነበረው ደመወዛቸው ወደ 60 ሺህ እንዲወርድ ተስማሙ። እሱም አላዳነውም። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2003፣ የሴቶች ዓለም ዋንጫ እዚሁ አሜሪካ ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሊጉ ተዘጋ። ፍሪደም የመጨረሻውን ዋንጫ ካነሣ ወር እንኳ አልሞላውም ነበር።