ቅመም በሻይ ላይ እንዴት እንደ ገባ

ሰው ከሚጠጣው ነገር ሁሉ ከውሃ ቀጥሎ ብዙ የሚጠጣው ሻይ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለ ሻይ ተክል፥ ስለ ቻይና ነገሥታትና ስለ እንግሊዝ ነጋዴዎች ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። ስለ ቅመም ሻይ ግን፥ ይኸውም ዝንጅብል፥ ሄል፥ ቀረፋና ቅርንፉድ ገብቶበት ከወተትና ከስኳር ጋር ስለሚፈላው የሕንድ ሻይ፥ ከሚነገረው ውስጥ ታሪኩ ጥቂት፥ ተረቱ ብዙ ነው። አንዳንዶች ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት በአንድ የሕንድ ንጉሥ ግቢ ተቀምሞ እስከ ዛሬ ሳይለወጥ የቆየ መጠጥ ነው ይላሉ። ነገሩን በረጋ መንፈስ ለሚመረምር ሰው ግን ሌላ ሆኖ ይገኛል። የቅመም ሻይ የሕዝብ መጠጥ ከሆነ ገና መቶ ዓመት ያኽል ነው፤ የቀመመውም ንጉሥ ሳይሆን በባቡር ጣቢያና በፋብሪካ በር ማንቆርቆሪያ ይዞ የሚቆም ድኻ ነጋዴ ነው፤ ያውም የሻይ ንግድ ባለቤቶች ነገሩን እየተቃወሙት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በቻይና በብዙው ክፍል ተክሉ «ቻ» ይባላል፤ ስሙም በየብስ መንገድ ወደ ፋርስ ተሻግሮ «ቻይ» ሆነ፤ ዐረቦች በፊደላቸው የ«ቸ» ድምፅ ስለሌላቸው «ሻይ» አሉት፤ እኛም የምንጠራው በዚሁ አጠራር ነው። በፉጂያን ጠረፍ ያሉት ቻይናውያን ግን «ቴ» ስለሚሉት፥ ከነሱ የገዙት የሆላንድ ነጋዴዎች ይኽንኑ ስም ወደ አውሮፓ ወሰዱት። ዛሬ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የቅመም ሻይ «ቻይ ቲ» ተብሎ ሲጠራ ሕንዳዊው ሰምቶ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም፤ ቃል በቃል «ሻይ ሻይ» ማለት ነውና።

ከሁለቱ፥ ከቅመሙና ከሻዩ፥ በሕንድ አገር የቀደመው ቅመሙ ነው። አዩርቬዳ በሚባለው በጥንታዊው የሕንድ ሕክምና ዝንጅብል፥ ቁንዶ በርበሬ፥ ቀረፋና ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል አፍልቶ ለጉንፋንና ለሆድ ሕመም መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ይኽም ፍል «ካዳ» ይባላል። እናቶቻችን ለጉንፋን የሚያፈሉትን ዝንጅብል የሚያውቅ ሰው ካዳ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት አይቸገርም። በካዳ ውስጥ ግን የሻይ ቅጠል አልነበረም። ኦቪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በ1689 ሱራት በተባለችው የሕንድ ወደብ ተቀምጦ ያየውን ሲጽፍ፥ በዚያ ያሉ ሰዎች ሻይን ከሚያቃጥል ቅመም ጋር አፍልተው ለራስ ምታትና ለሆድ ቁርጠት እንደሚጠጡት ይናገራል። ይኽ ምስክርነት መቶ ዓመት ብለን የጻፍነውን የሚያፈርስ ይመስላል። ነገር ግን ያን ጊዜ ወደ ሱራት የሚደርሰው ቅጠል ከቻይና በመርከብ የሚመጣ የሩቅ አገር ዕቃ ስለ ነበረ፥ ልማዱ በወደብ ከተማና በመድኃኒትነት ተወስኖ ቀረ እንጂ ወደ ገጠሩ ሕዝብ አልዘለቀም።

በሰሜን ምሥራቅ፥ በአሳም ጫካ ውስጥ፥ ሻይ ሳይተከል በዱር ይበቅል ነበር፤ ሲንግፎ የተባሉትም ነገዶች ይጠቀሙበት ነበር። በ1823 ሮበርት ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ከነሱ ዘንድ አየው። (ይኽ ሰው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ አገራችን ከመጣው ከጀምስ ብሩስ ጋር በስም እንጂ በሌላ አይገናኝም።) እንግሊዞች በዚያን ዘመን የሻይ ምንጫቸው ቻይና ብቻ ስለ ነበረችና ዋጋውንም በብዙው የሚከፍሉት ኦፒየም ሸጠው ባገኙት ብር ስለ ነበረ፥ በገዛ ግዛታቸው የሚበቅል ሻይ ማግኘት ትልቅ ጉዳይ ሆነባቸው። በ1838 ዐሥራ ሁለት ሣጥን የአሳም ሻይ ወደ ሎንዶን ተላከ፤ በጥር ወር 1839 በሐራጅ ተሸጠ፤ በዚያው ዓመት የአሳም ኩባንያ ተቋቋመ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ስለ ጣዕም ብቻ ሊነገር አይቻልም። ጫካው የተመነጠረውና ተክሉ የለማው ከቾታ ናግፑርና ከሌሎችም ድኻ አውራጃዎች በውል እየተወሰዱ በመጡ ሠራተኞች ጉልበት ነው። ከነዚህም ብዙዎቹ በመንገድ ላይና በየእርሻው ሰፈር በወባና በኮሌራ አለቁ። በ1865 የወጣው ሕግ ባለ እርሻው ውሉን አፍርሶ የኮበለለውን ሠራተኛ ያለ ማዘዣ ራሱ እንዲይዝ ሥልጣን ሰጠው። ከተለቀመውም ቅጠል ምርጡ ወደ ሎንዶን ሲላክ፥ ለአገሩ ገበያ የሚቀረው ስብርባሪውና ብናኙ ነበር። ይኽን ብናኝ አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሻይ ምርት ከገበያው በላይ ስለ በዛ ዋጋው ወደቀ። ባለ እርሻዎቹም አጠገባቸው ያለውንና ሻይ የማይጠጣውን ታላቅ ሕዝብ ማየት ጀመሩ። በነርሱ አሳሳቢነት በ1903 ወደ ውጭ በሚላከው ሻይ ላይ ቀረጥ የሚጥል ሕግ ወጣ፤ ገንዘቡም ሻይን ለማስለመድ ሥራ እንዲውል ተደረገ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፋብሪካዎች፥ በማዕድን ጉድጓዶችና በጥጥ መፍተያዎች የሻይ መሸጫ ተከፈተ፤ ለሠራተኛውም የሻይ ዕረፍት እንዲሰጥ ተመከረ። በባቡር መሥመሮች ላይ ለጥቃቅን ነጋዴዎች ማንቆርቆሪያ፥ ስኒና የሻይ ጥቅል ተሰጣቸው። ሻይ አፍልተው የሚያሳዩ ሰዎች በየቤቱ ይዞሩ ነበር። በየጣቢያውም ኤናሜል የተቀባ ቆርቆሮ ተሰቅሎ ሻይ እንዴት እንደሚፈላ በሕዝቡ ቋንቋ ተጽፎ ይነበብ ነበር።

ትምህርቱ የእንግሊዝ ትምህርት ነው። ውሃው ይፈላል፤ በቂ ቅጠል በተለየ ማንቆርቆሪያ ይጨመራል፤ ፈልቶ የወረደው ውሃ ይፈስበታል፤ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ወተትና ስኳር በመጨረሻ በልክ ይገባል። የጣቢያው ነጋዴ ይኽን ሁሉ ሰምቶ የራሱን አደረገ። ወተቱን ከውሃው ጋር በአንድ ድስት ጣደው፤ ስኳሩን አበዛው፤ ዝንጅብልና ሄል ወቅጦ ጨመረበት፤ ቅጠሉን ግን ቀነሰ። በዚህ ላይ ነበር የማኅበሩ ሰዎች የተከፉት፤ ቅመም የበዛበት ሻይ ቅጠል አይፈልግምና፥ ቀረጥ የተከፈለበት ልፋት ሁሉ የዝንጅብል ነጋዴውን ሊጠቅም ሆነ! እኛ ስናየው ነጋዴው ያደረገው እንቢታ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ቅጠሉ በገንዘብ ይገዛል፤ ወተትና ስኳር የራበውን ሠራተኛ ያጠግባሉ፤ ዝንጅብሉም ከእናቱ ካዳ የሚያውቀው ነው። የተቀዳበትም የሸክላ ስኒ አንድ ጊዜ ተጠጥቶበት የሚሰበር ስለ ሆነ፥ ከሌላ ወገን ሰው ጋር በአንድ ዕቃ መጠጣት ነውር ለሆነበት ሕዝብ ይስማማ ነበር።

ሻይን የተቃወሙም አልጠፉም። የቤንጋሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ፕራፉላ ቻንድራ ሬይ ሻይ ጤና ያጐድላል ብለው ይከራከሩ ነበር፤ ማኅተማ ጋንዲም ሰው ሻይ ባይጠጣ ይመርጡ ነበር። የሁለቱም ምክር በሌላው ነገር ብዙ ተሰምቷል፤ በዚህ ግን አልተሰማም።

ነገሩን ለዘለቄታው የወሰነው አንድ መኪና ነው። በ1930 ገደማ በአሳም አምጉሪ በተባለው እርሻ ዊልያም ማክከርቸር የተባለ ሰው ጥርስ ባላቸው ሁለት ተሽከርካሪ ብረቶች መካከል ቅጠሉን የሚጨፈልቅ፥ የሚቦጫጭቅና የሚያድቦለቡል መኪና ሠራ። ከዚህ መኪና የሚወጣው ሻይ ትንንሽ ፍሬ የሚመስል፥ ፈጥኖ የሚቀላ፥ የሚከብድ፥ ከአንድ ኪሎም ብዙ ስኒ የሚሰጥ ነው። ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ መኪናው በየእርሻው ሲስፋፋ ርካሽና ብርቱ ሻይ ለድኻው ሁሉ ደረሰ። ቀድሞ ለአገሩ ሰው ይጣልለት የነበረው ብናኝም የተናቀ መሆኑ ቀረ፤ ወተትና ቅመም ችሎ የሚቆመው እንዲህ ያለው ሻይ ነውና። የዳርጂሊንግን ረቂቅ ቅጠል ከቅርንፉድ ጋር የሚያፈላ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል።

እዚህ ላይ ስለ ቀማሾች መናገር ይገባናል። በካልካታ የሻይ ሐራጅ ከተጀመረበት ከ1861 ጀምሮ ዋጋውን የሚወስነው የቀማሽ ምላስ ነው። ቀማሹ የቀድሞውን የእንግሊዝ ስድስት ፔኒ ክብደት ያኽል፥ ይኸውም 2.8 ግራም የሚሆን ቅጠል በትንሽ ባለ ክዳን ማንቆርቆሪያ ያደርግና የፈላ ውሃ ያፈስበታል፤ አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይቀዳዋል፤ በማንኪያ አንሥቶ ድምፅ እያሰማ ወደ ውስጥ ይስበውና ይተፋዋል። በገበታ ላይ ነውር የሆነው ይኽ ድምፅ በዚህ ሙያ የግድ ነው፤ አየር ከሻዩ ጋር ገብቶ መዓዛውን ወደ አፍንጫ የሚያወጣው እርሱ ነውና። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በ1980 ለእንዲህ ያለው አፈላል ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 2 ግራም ቅጠልና 6 ደቂቃ ብሎ ወስኗል። አፈላሉ ሻዩን ለማጣፈጥ አይደለም፤ ጉድለቱን ለማጋለጥ ነው። ቀማሹ ቅመምን የሚጠላበት ምክንያት ከዚህ ይገኛል፤ ቅመም የከረመና የሻገተ ቅጠል ይሸፍናል። ይኽም ክስ ሐሰት አይደለም።

ቢሆንም ቅመምን ማመዛዘን ራሱ ሙያ ነው፤ ደብተር ሳይኖረው በእጅና በምላስ ተይዞ የኖረ ሙያ። ዝንጅብል እርጥብ ሆኖ ሳይፈላ ወተት ውስጥ ከገባ ወተቱን ይቆርጠዋል፤ በውስጡ ያለው ወተት የሚያረጋ ነገር የሚሞተው በመፍላት ነው፤ ስለዚህ አዋቂው ዝንጅብሉን አስቀድሞ በውሃ ያንተከትካል። ሄል በተቃራኒው መዓዛው ፈጥኖ የሚበር ስለ ሆነ ተወቅጦ ወደ መጨረሻው ይጨመራል። ቀረፋ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ የስሪላንካው ስስ ቀረፋ ለስላሳ ሲሆን፥ ወፍራሙና ጠንካራው ካሲያ ግን ይከብዳል፥ ብዙ ሲሆንም አፍ ይይዛል። ከሁሉ የሚያስፈራው ቅርንፉድ ነው፤ ምላስን ያደነዝዛልና የበዛበት ሰው ሌላውን ቅመም መመዘን አይችልም፤ ሻዩ በተቀመጠም መጠን እየበረታ ይሄዳል። በእኛ ግምት ለአራት ፍሬ ሄል አንድ ቅርንፉድ ይበቃል። የወተቱ ቅባት የቅመሙን ዘይት ይሸከማል፤ ሥጋው ደግሞ የሻዩን መጐምዘዝ ያለዝባል። ስኳር ያልገባበትን የቅመም ሻይ ቀምሶ መፍረድ ያሳስታል፤ ስኳር ሲገባ ተኝቶ የነበረው ሄል ይነሣልና። ለመማር የሚፈልግ ሰው እያንዳንዱን ቅመም ለብቻው በውሃ አፍልቶ ቢቀምስ፥ ከዚያ ሁለት ሁለቱን ቢያገናኝ፥ ትኩሱንና ለብ ያለውንም ቢያስተያይ ከብዙ ንባብ የበለጠ ያገኛል።

በሕንድ ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት አይጠጣም። ጉጃራት ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ያበረታል፤ በካሽሚር አረንጓዴ ሻይ ያለ ወተት ከሄል፥ ከሳፍሮንና ከአልመንድ ጋር ይፈላል፤ ቦምቤ ግማሽ ብርጭቆ አድርጎ ቶሎ ቶሎ ይጠጣል። የሕንድና የፓኪስታን ሠራተኞች ወደ ዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ሲሄዱ ሻያቸውን ይዘው ሄዱ፤ በዚያም «ከረክ» ተባለ፤ ትርጓሜውም ብርቱ ማለት ነው። በዱባይና በዶሃ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይኽን ስም በሚገባ ያውቁታል።

የእኛ የቅመም ሻይ ከዚህ ይለያል። ቀረፋ፥ ቅርንፉድና ሄል በውሃ ብቻ ይፈላሉ፤ ወተት የለበትም፤ በዓመት ውስጥ የጾም ቀን ለሚበዛበት ቤትም እንዲህ ያለው ሻይ ይስማማል። ሦስቱም ቅመሞች ግን ከውጭ የሚመጡ ናቸው። የሄል ዘመድ የሆነው ኮረሪማ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ይበቅላል፤ ሻይም በኢሉባቦር በጉመሮ፥ በከፋም ቦንጋ አጠገብ በውሽውሽ ይለማል። በከፋ ቅጠሉና ቅመሙ ባሕር ሳይሻገሩ በአንድ አፈር ጐረቤት ሆነዋል። ኮረሪማን ለወጥ፥ ለቅቤና ለቡና ስናውቀው ለሻይ የምናስታውሰው ግን ጥቂቶች ነን። መዓዛው ከሄል ይከብዳል፥ ጣፋጭነቱ ያንሳል፥ እንደ ካምፎር ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ ስለዚህ ሙሉ ፍሬ ይበዛል። ከቅርፊቱ የተፈለፈለ አምስት ስድስት ዘር ተሰንጥቆ፥ ቅርንፉዱ ቀርቶ፥ በጥቂት ቀረፋ ብቻ ታግዞ ሻዩ ከእሳት ሊወርድ ሲል ቢገባ ይበቃል።