የማለዳው ብዕር

መምህርነትና ለሕፃናት መጻፍ ለአንድ ሰው ጊዜ የሚሻሙ ሥራዎች ናቸው። የዩክሬኑ መምህር ቫሲሊ ሱኾምሊንስኪ ግን አንዱን የሌላው ምንጭ አድርጓቸዋል።

ሱኾምሊንስኪ እ.ኤ.አ. በ1918 በገጠር ተወለደ። በ1942 በጦር ግንባር ክፉኛ ቆሰለ፤ ደረቱ ውስጥ የቀረው የብረት ስብርባሪም እስከ ዕለተ ሞቱ አልወጣም። ባለቤቱን ናዚዎች ገደሉበት። ከዚህ መከራ በኋላ በ1948 የፓቭሊሽ ገጠር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነ፤ ቦታውንም እስኪሞት አልለቀቀም።

ቀኑ የአስተዳደርና የማስተማር ነበር። ስለዚህ ለብዕሩ የመረጠው ተማሪዎች ከመምጣታቸው በፊት ያለውን ማለዳ ነው። የሚጽፈውን ግን ያገኘው ከእነዚያው ተማሪዎች ዘንድ ነበር። በ1951 የስድስት ዓመት ሕፃናትን ሰብስቦ «የደስታ ትምህርት ቤት» ባለው ክፍል ወደ መስክ፣ ወደ አትክልት ሥፍራና ወደ ወንዝ ዳር ይወስዳቸው ጀመር። ሕፃናቱ ያዩትን በራሳቸው ቃል ይናገራሉ፤ ተረትም ይፈጥራሉ። እሱም ስለ እናት፣ ስለ እንጀራ፣ ስለ ወፍና ስለ አረጋዊ ከአንድ ገጽ የማይበልጡ ታሪኮች ይጽፍላቸዋል። እንዲህ ሲል ከሺህ በላይ አጫጭር ታሪኮችን አበረከተ። የሕፃናቱ ዝምታና ጥያቄም የመጀመሪያ ሐያሲው ነበር።

ማለዳውን ለብዕር፣ ቀኑን ለተማሪ የሰጠ ሰው ለጤናው ያስቀረው ጥቂት ነበር። በ1970፣ ገና በ51 ዓመቱ አረፈ። «ልቤን ለልጆች እሰጣለሁ» የተሰኘው መጽሐፉ በዩክሬን የታተመው ከአንድ ዓመት በፊት ነበር፤ በ1974ም የዩክሬን መንግሥት ሽልማት ተሰጠው። መምህሩ ከክፍሉ ቢርቅ ብዙ ይጽፍ ይሆናል፤ የሚጽፈውን ግን ባላገኘ ነበር።