ሕገ ልቡና እና የነቢያት ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው መልካሙን ከክፉው የሚለይበት አእምሮ ከተሰጠው ነቢያት ለምን አስፈለጉት? ጥያቄው ሁልጊዜ ከድፍረት የሚነሣ አይደለም፤ በቅንነት የሚጠይቁ ምእመናንም አሉና መልስ ይገባዋል።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን አእምሮን አትንቅም። ከአዳም እስከ ሙሴ ያለውን ጊዜ «ዘመነ ሕገ ልቡና» ትለዋለች፤ የተጻፈ ሕግ ሳይኖር አቤል መሥዋዕት አቀረበ፣ ሄኖክም አካሄዱን ከእግዚአብሔር ጋር አደረገ። ቅዱስ ጳውሎስ ኦሪት ያልተሰጣቸው አሕዛብ እንኳ ኅሊናቸው እንደሚመሰክርባቸው አስተምሯል (ሮሜ. 2፥14-15)። ብዙዎች የሚስቱት ግን ሕገ ልቡናን «አእምሮ ብቻ» አድርገው ሲተረጕሙት ነው። በዚያም ዘመን እግዚአብሔር ዝም አላለም። ኖኅ ጻድቅ ነበረ፤ ሆኖም የጥፋት ውኃ እንደሚመጣም ሆነ የመርከቡን ርዝመትና ወርድ በምርምር አላገኘውም፤ ተነገረው እንጂ።

የአብርሃም ታሪክ ይህን ይበልጥ ያስረዳል። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት፣ የአባቱ የታራ ጣዖታት መስማትም መናገርም እንደማይችሉ መርምሮ ተረዳ፤ ፀሐይም ስትጠልቅ አይቶ አምላክ እንዳልሆነች ዐወቀ። ምርምሩ ያደረሰው ፈጣሪ መኖሩን እስከማወቅ ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ያን ፈጣሪ መለመን ነበር። ከሀገሩ እንዲወጣ የተጠራበት ጥሪና አሕዛብ በእርሱ እንደሚባረኩ የተሰጠው ተስፋ (ዘፍ. 12፥1-3) ከሰማይ ከዋክብት የሚነበብ አልነበረም።

አቴናም እንዲሁ ናት። ፍልስፍና በገነነባት በዚያች ከተማ ቅዱስ ጳውሎስ ስሙ ላልታወቀ አምላክ የቆመ መሠዊያ አገኘ። ጠቢባኑ ስለ ፈጣሪነቱ ሲሰብክ ሰሙት፤ ትንሣኤ ሙታንን ሲያነሣ ግን አንዳንዶቹ አፌዙበት (ሐዋ. 17፥32)። አእምሮ ብቻውን የቆመው እዚያ ላይ ነው፤ ለሟች ሰው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለውም።

የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ በግምጃ ቤቷ ሁሉ የተሾመ ኢትዮጵያዊ ነበርና የአእምሮ ጕድለት አልነበረበትም። ኢሳይያስ ከልደተ ክርስቶስ 700 ዓመት ገደማ አስቀድሞ የተናገረውን በሠረገላው ተቀምጦ ሲያነብ ግን፣ ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገር ለማወቅ ተርጓሚ ፈለገ። ፊልጶስም ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ወንጌልን ሰበከለት፤ እርሱም አምኖ ተጠመቀ፤ ደስ እያለውም መንገዱን ቀጠለ (ሐዋ. 8፥27-39)።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።